ግሩፕ ሆሙ ተቀየረ፣ ሺፍቱ ግን ያው ነው፦ በዲኤምቪ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያና የወላጅ እረፍት ነገር

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግሩፕ ሆም (አካል ጉዳተኞች በሰራተኛ እየታገዙ የሚኖሩበት ቤት) የሚሰራ ዘመድ ወይ ጓደኛ የሌለው ሀበሻ ያለ አይመስለኝም። ወይ ራስህ ሰርተህበታል፣ ወይ የአክስትህ ልጅ ናይት ሺፍት ትገባለች፣ ወይ ደሞ አዲስ የመጣ ሰው ወርክ ፐርሚቱ እጁ በገባ ሳምንት "ሲፒአርና የመድሃኒት ትሬኒንጉን ውሰድና ግሩፕ ሆም ግባ፣ ይቀጥራሉ" ተብሎ ሲመከር ሰምተሃል። ስራውን እናውቀዋለን። ሲስተሙን ግን፣ ማለትም ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ብሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን አንዱ ቤት ደህና ሆኖ ሌላው ሲገቡበት የሚያስጠላ እንደሚሆን ብዙም አናወራም። ጭራሽ የማናወራው ደሞ ራሳችን ቤት ስላለው ልጅ ነው።

ጉዳዩን አሁን ማንሳት የፈለግኩት በጁላይ 2025 የወጣው ትልቁ የፌደራል ህግ ሜዲኬድን፣ ማለትም መንግስት ለዝቅተኛ ገቢና ለአካል ጉዳተኛ የሚከፍለውን የጤና ኢንሹራንስ፣ ስለነካ ነው። ሜዲኬድ ሲነካ ቶሎ የሚንገዳገደው ይሄ ዘርፍ ነው። ግን እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል (አመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጅ ነው)።

የዲሲ መንግስት በፊት ፎረስት ሄቨን የሚባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ግቢ ነበረው፣ ቦታው ዲሲ አይደለም፣ እዚሁ ሎረል ሜሪላንድ ነው። በ1925 ሲከፈት ሰፊ መሬትና እርሻ ያለው፣ ሰው ሙያ እየተማረ በሰላም የሚኖርበት ቦታ ተብሎ ነው። እየቆየ ከ1,000 በላይ ሰው ታጨቀበት፣ ሰራተኛው አነሰ፣ ከዛ የሆነውን መገመት ነው። በመጨረሻዎቹ አመታት ሰዎች በአስፒሬሽን ኒሞንያ ይሞቱ ነበር፣ ማለትም ምግብ ወደ ሳንባ እየገባ፣ ምክንያቱም ራሱን ችሎ መቀመጥ የማይችለውን ሰው አስተኝተው ነበር የሚያበሉት። እንግዲህ ይሄ የጭካኔ ብቻ ታሪክ አይደለም፣ አንድ ሰራተኛ ብዙ ሰው ማብላት ሲኖርበት እያንዳንዱን ቀና አድርጎ ማንኪያ በማንኪያ የሚጠብቅበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ግቢው ውስጥ ወደ 400 የሚጠጋ ሰው ስም እንኳን ሳይጻፍበት ተቀብሯል። ቤተሰቦች በ1976 ከተማውን ከሰሱ፣ ኢቫንስ የሚባለው መዝገብ ነው፣ በ1978 ፍርድ ቤቱ ሰዎቹ እንዲወጡና ማህበረሰቡ ውስጥ እንዲኖሩ አዘዘ፣ ግቢው የተዘጋው ግን በኦክቶበር 1991 ነው። መዝገቡ ራሱ እስከ 2017 አልተዘጋም። ከ40 አመት በላይ የፈጀ ክስ ማለት ነው፣ ከሳሾቹ ብዙዎቹ መጨረሻውን ሳያዩ አልፈዋል።

ሜሪላንድም ሮዝዉድ ነበራት፣ ከባልቲሞር ወጣ ብሎ ኦዊንግስ ሚልስ፣ በ1888 ተከፍቶ በ2009 የተዘጋ። ስለ ሮዝዉድ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፦ ጠበቆች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጣት ሴቶችን ከግቢው እያስወጡ ለሀብታም ቤቶች በርካሽ የቤት ሰራተኛ አድርገው ይሰጡ ነበር፣ ከመቶ በላይ ናቸው። ይሄን በ1937 ያጋለጠው ሊዮ ካነር ነው፣ በ1943 ኦቲዝምን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር የጻፈው የጆንስ ሆፕኪንሱ ሀኪም። ቤሩትና ሪያድ እህቶቹን የላከ ህዝብ ይሄን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ደሞ ግሬት ኦክስ የሚባል ነበር፣ በ1996 ተዘጋ፣ አሁን ቦታው ላይ ያለው ብዙ የኛ ሰው የሚያውቀው ሪደርዉድ የሚባለው የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ቨርጂኒያ ዘግየት ብላ በ2012 ከፌደራሉ ፍትህ ሚኒስቴር ጋር ከተስማማች በኋላ ነው ትልልቆቹን መዝጋት የጀመረችው፣ ፌርፋክስ ያለው በ2016 ተዘጋ። ሜሪላንድ ዛሬም በቀጥታ የምታስተዳድራቸው ሁለት ግቢዎች ቀርተዋታል፣ ሳልስበሪ ያለው ሆሊ ሴንተርና ሄገርስታውን ያለው ፖቶማክ ሴንተር።

መዘጋታቸው ልክ ነበር፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ችግሩ የተዘጋው ግንቡ መሆኑ ነው። ከፎረስት ሄቨን የወጡት ሰዎች ከተማው ውስጥ ወዳሉ ትንንሽ ቤቶች ገቡ፣ ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት ከከተማው ጋር ኮንትራት ያላቸው ኤጀንሲዎች ናቸው፣ ገሚሱ ለትርፍ የሚሰራ። በ1999 ዋሽንግተን ፖስት ላይ ካትሪን ቡ የምትባል ጋዜጠኛ እነዛ ቤቶች ውስጥ ያለውን በደልና ቸልተኝነት ዘርዝራ አወጣችው፣ ማንም መርማሪ በአግባቡ ያላያቸው ሞቶች ሁሉ ነበሩበት። ጋዜጣው በ2000 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት። ልብ በሉ፣ ይሄ የሆነው ትልቁ ግቢ ከተዘጋ ከስምንት አመት በኋላ ነው፣ ቤቱ ትንሽ፣ ሰፈሩ ደህና፣ በሩ ላይ አበባ ያለበት ሊሆን ይችላል፣ ውስጥ ያለው ግን ያው። እንዲያውም በአንድ በኩል ባሰ፣ አንድ ትልቅ ግቢ ቢያንስ ይታያል፣ የተበታተነ ቤትን ማን ያየዋል?

እዚህ ጋ እኔ የማምንበትን ልበል። ግቢዎቹ ሲዘጉ ከመጥፎው ነገር ጋር አንድ ጥሩ ነገርም አብሮ ተዘግቷል፣ እሱም የመንግስት ስራው ነው። የስቴት ሰራተኛ የጤና ኢንሹራንስ አለው፣ ጡረታ አለው፣ ዩኒየን አለው፣ ስለዚህ አንድ ሰው 20 አመት አንድ ቦታ ሰርቶ ጡረታ መውጣት ይችላል። ስራው ወደ ኤጀንሲ ሲዞር ያው ማጠብ፣ ያው ማብላት፣ ያው መድሃኒት መስጠት፣ ያው ሌሊት መቀመጥ ነው፣ ክፍያው ግን ከሚኒመም ዌጅ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ሆነ። በመላው አሜሪካ በየአመቱ ከእነዚህ ሰራተኞች ወደ 40 በመቶው ስራውን ይለቃል። አስቡት፣ መናገር የማይችል ሰው፣ ውሃ ሲጠማው ጆሮውን የሚነካ ለምሳሌ፣ ያን ምልክት የሚያውቀው ሰራተኛ ይሄዳል፣ አዲሱ እስኪያውቀው ወራት ይፈጃል፣ ሲያውቀው ደሞ እሱም ኡበር ወይ ዌርሃውስ ይገባል፣ ምክንያቱም እዛ ሰአቱ ይሻላል። መኖሪያው መንግስት ያስተዳድረው ወይስ ኤጀንሲ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ይሄ ነው፣ የታርጋው ስም ሳይሆን ሺፍቱን የሚሸፍነው ሰው ይቆያል ወይ ነው ጥያቄው።

ሰራተኛው በቂ ካልሆነ ደሞ ጥሩ የሚባል ህግም አይሰራም። በ2014 የወጣ የፌደራል ደንብ አለ፣ ስቴቶች እስከ ማርች 2023 እንዲያሟሉት ጊዜ የተሰጣቸው፣ ግሩፕ ሆም ውስጥ የሚኖር ሰው የመኝታ ቤቱን በር መቆለፍ ይችላል፣ አብሮት ክፍል የሚጋራውን ይመርጣል፣ በፈለገው ሰአት ይበላል፣ እንግዳ በፈለገው ሰአት ይመጣለታል፣ እንደ ማንኛውም ተከራይ ውል ይኖረዋል ይላል። ስታነበው ደስ ይላል። አሁን ቅዳሜ ከሰአት አንዲት ሰራተኛ ከሶስት ነዋሪ ጋር ብቻዋን ቀርታለች እንበል፣ ሁለተኛዋ ኮል አውት አድርጋለች (አልመጣም ብላ ደውላለች)፣ ኤጀንሲው የሚተካ ሰው የለውም። አንዱ ነዋሪ ሞል መሄድ ይፈልጋል፣ አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ ፊልም እያየ ነው። ወይ ሶስቱም ቫን ላይ ይጫናሉ ወይ ማንም አይወጣም። በአብዛኛው ማንም አይወጣም። ሰራተኛዋም ቢሆን ከጠዋት ጀምራ ቆማለች፣ ተተኪ እስኪመጣ ጥላ መሄድ አትችልም፣ ማንዴትድ ነሽ (መቅረት አለብሽ፣ ግዴታ ነው) ተብላ ለሊቱንም ልትደግም ትችላለች፣ ኦቨርታይሙን የምትፈልገው ቢሆንም ለሊት ዘጠኝ ሰአት ላይ አንድ ሰው ሲዣር (የሚጥል በሽታ) ቢነሳበት ነቅታ ትገኛለች ወይ የሚለውን ማንም አይጠይቅም፣ ችግር እስኪፈጠርና ኢንሲደንት ሪፖርት እስኪጻፍ ድረስ።

ብሩ ከየት ነው የሚመጣው? ከሜዲኬድ፣ ዌቨር በሚባለው በኩል። ከዌቨር ጋር አብሮ የሚነሳው ታሪክ የኬቲ ቤኬት ነው፣ የአዮዋ ልጅ ናት፣ በህጻንነቷ ታማ መተንፈሻ ማሽን ላይ ነበረች፣ ቤቷ ብትገባ ወጪው ይቀንሳል ግን ሜዲኬድ የሚከፍለው ሆስፒታል ከሆነች ብቻ ነበር። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ራሱ ይሄን እንደ እብደት አነሳው፣ በዛው አመት ስቴቶች የተቋም ገንዘብን ለቤት ውስጥ አገልግሎት ማዋል እንዲችሉ ህጉ ተከፈተ። ግን ተከፈተ እንጂ ግዴታ አልሆነም። ነርሲንግ ሆም ለሚያስፈልገው ሰው ሜዲኬድ መክፈል ግዴታው ነው፣ ዌቨር ግን ስቴቱ "ለዚህን ያህል ሰው ነው ቦታ ያለኝ" ማለት ይችላል። በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኦልምስቴድ በሚባለው ውሳኔ ሰውን ያለ አስፈላጊነት ተቋም ውስጥ ማቆየት አድልዎ ነው ብሏል፣ ቢሆንም ወረፋን ህገወጥ አላደረገም፣ ወረፋው በአግባቡ የሚንቀሳቀስ እስከሆነ ድረስ። ሁሉም ነገር ላይ ተራ ጠብቁ የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት።

ሪስፓይት የሚባለው አገልግሎት ለወላጅ እረፍት ነው፣ የሰለጠነ ሰው ቤት መጥቶ ወይም ልጁ ሌላ ቦታ ሄዶ ወላጅ ለጥቂት ሰአት ወይም ለጥቂት ቀን የሚተነፍስበት። አዲስ አበባ እያለን ይሄ ነገር ስም የለውም እንጂ ነበረ፣ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ አቅም ካለ ሰራተኛ አለች፣ አንዷ ሱቅ ስትሄድ አንዷ ታያለች። (መንግስት ያቀረበው ግን አልነበረም፣ ለኦቲዝም ልጆች ማእከል ለመክፈት ራሳቸው እንደ ዘሚ የኑስ ያሉ እናቶች ናቸው መሯሯጥ የነበረባቸው፣ ያውም ልጁን ቤት ቆልፎ የሚደብቅ በበዛበት ጊዜ።) ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት ውስጥ ግን ባልና ሚስት ብቻ ናቸው ያሉት፣ አንዱ ቀን ሌላው ማታ ይሰራል፣ ልጁን ፓርኪንግ ሎት ላይ ይቀባበላሉ። አያት ለማምጣት ደሞ የቪዛ ጣጣ አለ። ቸርች ወይ መስጊድ መውሰድ ይፈልጋሉ ግን ልጁ ይጮሃል፣ ሰው ዞሮ ያያል፣ ቀስ በቀስ ይቀራሉ። እናትየው ምናልባት ግሩፕ ሆም ውስጥ የሌላ ሰው የ30 አመት ልጅ እየተንከባከበች ለሊቱን አድራ ነው የመጣችው፣ እዛ ለዚያ ልጅ የተጻፈ ፕላን አለ፣ በቀን የተከፋፈለ ስታፍ አለ፣ ነርስ ትደወልለታለች፣ ቤቷ ስትገባ ግን እሷ ራሷ ስታፍም ነርስም ማናጀርም ናት፣ ያለ ክፍያ። ይሄን የሚያህል ምጸት እኔ አላውቅም።

እና ለምን አታመለክትም? ታመለክታለች፣ እዚህ ጋ ነው ሲስተሙ የሚገርመው። ሜሪላንድ ውስጥ የዲዲኤ (የእድገት ውስንነት ላለባቸው አገልግሎት የሚሰጠው የስቴቱ መስሪያ ቤት) ወረፋ በሶስት ይከፈላል፣ አንደኛው አሁን ክራይሲስ ውስጥ ያለ፣ ሁለተኛው ክራይሲስ ሊገባ የተቃረበ፣ ሶስተኛው አገልግሎት የሚፈልግ ግን እየተቻለ ያለ። ቨርጂኒያም በቅደም ተከተል አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት ብላ ነው የምትመድበው። ሰርቪስ ኮርዲኔተሯ፣ ማለትም የቤተሰቡን ጉዳይ የምትከታተለው፣ ደውላ እንዴት ናችሁ ስትል የኛ ሰው ምን ይላል? "እግዚአብሄር ይመስገን ደህና ነን፣ አላህ ይመስገን፣ እየተቻለ ነው።" በቃ፣ ሶስተኛው ላይ ትጻፋለህ። ልጁ ለሊት እንደማይተኛ፣ በሩን ከፍቶ መንገድ ላይ እንደተገኘ፣ እናትየው ወገቧን ታማ ማንሳት እንዳቃታት ማን ይናገራል፣ ገበናን ለማያውቁት ሰው በስልክ መዘርገፍ ነውር ነው። ሲስተሙ የተሰራው ሸክሙን ጮክ ብሎ ለሚያስረዳ ሰው ነው፣ ዝም ብሎ ለቻለ ሰው ሽልማቱ ተጨማሪ መቻል ነው።

እኔን የሚያናድደኝ የሂሳቡ ነገር ነው። ቤተሰቡ እስኪወድቅ ተጠብቆ ከወደቀ በኋላ ሙሉ የመኖሪያ ቦታ ይሰጠዋል፣ እሱም አልጋ በተገኘበት እንጂ ልጁ በሚመቸው አይደለም፣ 24 ሰአት ስታፍ ያለበት ቤት ለስቴቱ በአመት የሚያስወጣው ወጪ ደሞ በሳምንት ጥቂት ሰአት ሪስፓይት ከሚያስወጣው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለሪስፓይት ብቻ ተብሎ የወጣ የፌደራል ህግ በ2006 አለ፣ ላይፍስፓን ሪስፓይት ይባላል፣ በ2023 የተመደበለት ገንዘብ ለመላው አሜሪካ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። አስር ሚሊዮን! ቤተስዳ ውስጥ ጥቂት ትልልቅ ቤት ቢገዛ ነው።

ያለውን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሲሲሲ ፕላስ የሚባለው ዌቨር፣ ከዲዲ ዌቨሩ (የእድገት ውስንነት ላለባቸው ከሚሰጠው) በተለየ፣ ወረፋ የለውም፣ የነርሲንግ ሆም ደረጃ እንክብካቤ ያስፈልገዋል የሚለውን ምዘና ካለፈ ይገባል፣ በአመት እስከ 480 ሰአት ሪስፓይት አለው፣ በሳምንት ወደ ዘጠኝ ሰአት ማለት ነው። የዲዲ ወረፋ ላይ ሆኖ ይሄን መጠቀም ይቻላል፣ ብዙ ሰው ግን አንዱን ሲጠብቅ ሌላው እንዳለ አያውቅም። የሜሪላንድ ኦቲዝም ዌቨርም ሪስፓይት አለው፣ ወረፋው ግን ሺዎች ያሉበት ስለሆነ አመታት ይወስዳል፣ አገልግሎቱ ደሞ 21 አመት ላይ ያበቃል፣ ስለዚህ ልጁ ዳያግኖስ በተደረገ ሰሞን መመዝገብ እንጂ ሲብስ አይደለም። በ2022 ሜሪላንድ ወረፋዎቹን በግማሽ የሚቀንስ እቅድ እንዲወጣ ህግ አውጥታ ነበር፣ ከዛ በ2025 ባጀቱ ሲጎድል ዲዲኤ ላይ ቅነሳ ቀረበ፣ ወላጆች የሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ ወጥተው ጮሁና የተወሰነው ተመለሰ። የጮኸው ሰው ውስጥ የኛ ፊት ብዙ አልነበረም መሰለኝ።

አሁን ደሞ የፌደራሉ ነገር መጣ። የጁላይ 2025ቱ ህግ በአስር አመት ውስጥ ከሜዲኬድ የፌደራል ወጪ ወደ 900 ቢሊዮን ዶላር ይቀንሳል ተብሎ ነው የተገመተው። ህጉ "ዌቨር ይቆረጥ" አይልም፣ ግን ስቴቱ ገንዘብ ሲያጥረው መቁረጥ የሚችለው ግዴታ ያልሆነውን ነው፣ ዌቨር ደሞ ግዴታ አይደለም ብለናል። ሌላው፣ ከኦክቶበር 1፣ 2026 ጀምሮ በሪፊውጂነት የመጣና አሳይለም (ጥገኝነት) ያገኘ አብዛኛው አዋቂ ሰው ግሪን ካርድ እስኪይዝ ድረስ ከፌደራሉ ሜዲኬድ ውጪ ነው፣ ይሄ በቀጥታ ብዙ የኛ ቤተሰብ ቤት ይገባል፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላቸው አሳይለም ያገኙ ወላጆች የግሪን ካርድ ማመልከቻውን ማዘግየት የለባቸውም። በሰራተኛው በኩል ደሞ ከኦክቶበር 30፣ 2025 ጀምሮ ለሚገባ የወርክ ፐርሚት ማደሻ በራሱ ይራዘም የነበረው ጊዜ ለአብዛኛው ሰው ቀርቷል፣ ወረቀቱ በሰአቱ ካልመጣ ኤጀንሲው ከስኬጁል ያወጣዋል፣ ቀድሞ ባነሰ ስታፍ ላይ። ስለዚህ ይሄ የኢሚግሬሽን ወሬና የአካል ጉዳተኛ አገልግሎት ወሬ ተብሎ ለሁለት የሚከፈል አይደለም፣ አንድ ሺፍት ላይ ነው የሚገናኙት።

ማሻሻል ይቻላል ወይ ካላችሁ፣ ይቻላል፣ ዲሲ ራሷ አሳይታለች። ከኢቫንስ ክስ ስምምነት በ2001 ኳሊቲ ትረስት የሚባል ራሱን የቻለ ተቋም ወጣ፣ ስራው ሰዎቹ ያሉበት ቤት ሄዶ ማየትና ለነሱ መሟገት ነው፣ ከኤጀንሲውም ከከተማው ቢሮም ውጪ የሆነ አይን። በ2020 ደሞ ዲሲ ለዲኤስፒዎች (ነዋሪዎቹን በቀጥታ ለሚንከባከቡት ሰራተኞች) የሚከፈለው በአማካይ የከተማውን ዝቅተኛ ደሞዝ 117.6 በመቶ እንዲደርስ፣ ማለትም በ17.6 በመቶ እንዲበልጥ፣ ለዛም ለኤጀንሲዎቹ የሚከፈለው ሬት እንዲጨምር የሚል ህግ አወጣች። ሚኒመም ዌጅ ሲጨምር ይሄም አብሮ እንዲጨምር ነበር ሀሳቡ። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ኤጀንሲን "ጥሩ ክፈል" ብሎ መምከር ሳይሆን ስቴቱ ራሱ ዋናው ከፋይ መሆኑን አምኖ ደሞዙን ሬቱ ውስጥ መጻፍ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም ሬታቸውን በየጊዜው ጨምረዋል፣ ግን ባጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ሪስፓይትን በተመለከተ እኔ ብጠየቅ ከወረፋው አወጣው ነበር፣ ልጁ ብቁ ነው የተባለ ቀን ትንሽም ቢሆን ሰአት ይጀምርለታል፣ ዌቨሩ በኋላ ይምጣ፣ ክራይሲስ እስኪገባ አይጠበቅም። ይሄ ቅንጦት አይደለም፣ ሙሉ መኖሪያ ለዘለአለም ከመክፈል ርካሽ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስቴት ዌቨሩን ሲያድስ ወይ ከበድ ያለ ለውጥ ሲያደርግ ቢያንስ 30 ቀን የህዝብ አስተያየት የመቀበል ግዴታ አለበት። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ኢሜይል ይደረጋል፣ ስብሰባ ላይ ይነገራል። ዲሲ ውስጥ ደሞ የ2004ቱ የቋንቋ ህግ አለ፣ የከተማው መስሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው፣ አማርኛ ደሞ በብዛት ከሚጠየቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ኮርዲኔተሯ ስትደውል 14 አመት ያልሞላት ሴት ልጃችሁን ስልክ አታስይዙ፣ የራሷ ወንድም ሽንት ቤት እንዴት እንደሚጠቀም እሷ መተርጎም የለባትም። "አማርኛ ኢንተርፕሪተር እፈልጋለሁ" በሉ፣ ከዛ ለሊቱን እንዴት እንደምታድሩ በሰአት በሰአት ንገሯት፣ ፋይሉ ላይ ይጻፍ።